ክዳኑ ሳይነሣ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እድራችን የተቋቋመው ለሐዘን ቀን ነው። ጥሩምባ ሲነፋ ድንኳን እንተክላለን፣ አግዳሚ እናቀርባለን፣ ሐዘንተኛ እናጽናናለን። ዛሬ ግን ጥሩምባው ሳይነፋ ልንሠራው ስለሚገባን ነገር እንነጋገር። ነገሩ የነፋስ ጉዳይ ነው።

ሚያዝያ 18 ቀን 1981 ዓ.ም. በባንግላዴሽ የተነሣው ጠምዛዛ አውሎ ነፋስ 1,300 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። በአገራችን እንዲህ ያለው እምብዛም አይታይም። የእኛ የሐዋሳው ነፋስ ከዝናብ ቀድሞ የሚመጣው ነው። ከነጎድጓድ ደመና የቀዘቀዘ አየር ወደ ታች ይወርድና መሬት ሲነካ በየአቅጣጫው ይበተናል። አቧራውን አስነሥቶ ሐይቁን ያናውጣል። የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ቢሆንም፣ ላላ ያለ ቆርቆሮ ለመንቀል ይበቃዋል።

ነፋሱ በክዳኑ ላይ ሲያልፍ ቆርቆሮውን ወደ ላይ ይስበዋል፤ በጠርዙ ሥር የገባው ደግሞ ከታች ይገፋዋል። ስለዚህ አስቀድመን የምናየው ጠርዙን ነው። የላላ ምስማር ይጥበቅ፣ ምስጥ የበላው ማገር ይለወጥ፣ ወራጁም ከግድግዳው እንጨት ጋር በሽቦ ይታሰር። ድንጋይ መጫን መፍትሔ አይሆንም፤ ክዳኑ ሲነሣ ድንጋዩ ሰው ላይ ይወርዳል።

ደመናው ሲጠቁር ልጆችን ከዛፍ ሥር እንሰብስብ፤ በርና መስኮት ዘግተን ከመስኮት እንራቅ፤ ታንኳ ላይ ያለ ቶሎ ወደ ዳር ይውጣ። የራሳችንንም ድንኳን አንርሳ። ካስማው ጠልቆ ይመታ። ነፋሱ ከበረታ ለቀስተኛው ወጥቶ ቤት ይግባ እንጂ ምሰሶ ይዘን አንታገል።

ነፋሱ ካለፈ በኋላ የወደቀ የመብራት ሽቦ ማንም እንዳይጠጋ እየጠበቅን በ905 እንደውል። ሽቦው የሞተ ቢመስልም አይነካ። ባዶ እግሩን የሚሄድ አይኑር፤ ምስማርና የተቀደደ ቆርቆሮ በየቦታው ይኖራል። ቀጥሎ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን ቤት እናንኳኳ።

በመጨረሻም ለጉባኤው ሁለት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ በየዓመቱ ከበልግ በፊት ወጣቶቻችን መሰላልና መዶሻ ይዘው የአቅመ ደካሞችን ክዳን ይጠግኑ። ሁለተኛ፣ ቤቱ ለፈረሰበት አባል ከእድሩ ገንዘብ የሚሰጥ እርዳታ በደንባችን ይጻፍ። ለቀብር የምናዋጣ ሰዎች ለምስማር ማዋጣት አያቅተንም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ዛሬውኑ እንወስን።