ስለ ጀልባ ሆድ እጥበት፣ ፍቀትና ቅብ
(በሰፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ ለነዋሪዎች የተሰጠ ገለጻ)



ዛሬ የምናገረው ስለ ጀልባ ቅብ ነው። «እኔ ጀልባ የለኝ፣ ምን አገባኝ?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ከጀልባ ሆድ የሚፋቀው አሮጌ ቀለም የሚበተነው ልጆቻችን በሚጫወቱበት፣ ልብስ በሚታጠብበትና ከብት በሚጠጣበት ዳር ላይ ነውና ነገሩ የሁላችንም ነው።

አባቶቻችን ታንኳን ቀለም አልቀቡም። ደንገል ውኃ ሲጠጣ ስለሚከብድ፣ ታንኳው ከሥራ ሲመለስ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ይመታዋል፤ እድሳቱ ይኸው ነው። ብረት ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ወደ ዘጌና ወደ ደቅ የሚመላለስ የብረት ጀልባ ቀለሙ በተላጠበት ሁሉ ይዝጋል። ዝገቱም ብረቱን እያሳሳ ሄዶ፣ አንድ ቀን ሰው እንደ ጫነ ሊበሳ ይችላል። ስለዚህ ቅቡ ለጌጥ ሳይሆን ለነፍስ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። በባሕር የሚሄድ መርከብ ሆዱ ላይ ዛጎል ለባሽ እንስሳት ይጣበቁበታልና መርዝነት ያለው ቀለም፣ አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ያለበት፣ ይቀባል። ቀድሞ በቆርቆሮ ማዕድን የተሠራ ሌላ መርዝም ነበር። እሱ የባሕር ቀንድ አውጣ እንስቶችን የወንድ አካል እስከ ማብቀል ስላደረሳቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣና በ2008 በጸና ዓለም አቀፍ ስምምነት ተከልክሏል። የኛ ጣና ግን ጨው የለበትም፤ ያ ሁሉ የባሕር ዛጎል እዚህ የለም። በጀልባችን ሆድ የሚይዘው አረንጓዴ ሽበትና አተላ ነው፤ እሱ ደግሞ በመጥረጊያ ይለቃል። ታዲያ በመጥረጊያ ለሚለቅ ነገር ዓሣችን በሚራባበት ውኃ ውስጥ መርዝ መጨመር ምን ይባላል? መዳብ ያለበት ቀለም ባዶ ብረት ላይ በቀጥታ ቢያርፍ ደግሞ ብረቱን ራሱን ያስበላዋል። ለኛ የሚያስፈልገን ጥሩ የዝገት መከላከያና አዘውትሮ ማጠብ ነው።

ሥራው በቅደም ተከተል እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ጊዜው በጋ ይሁን። ከጥር እስከ መጋቢት ሐይቁ እየጎደለ ስለሚሄድ ዳሩም ይሰፋል፣ ዝናብም አያስቸግርም። ጀልባው ከውኃው ርቆ በእንጨት ላይ በደንብ ይደገፍ፤ ሥሩ ገብቶ የሚሠራ ሰው አለና መደገፊያው ይፈተሽ።

ሁለተኛ፣ በወጣበት ዕለት፣ አተላው ሳይደርቅ ይታጠብ። ከደረቀ እንደ ድንጋይ ነው፣ ጉልበት ይጨርሳል። በሞተሩ መዘውር ላይ የተጠመጠመ እምቦጭ ካለ ተለቅሞ ከውኃ ርቆ ይድረቅ። ይህ አረም በጣና ላይ መታየቱ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ቁራጩም ብቻውን ስለሚበቅል ከዳር ወደ ዳር ተሸካሚዎቹ እኛው እንዳንሆን።

ሦስተኛ፣ ሆዱን በትንሽ መዶሻ ቀስ እያላችሁ አንኳኩ። ድምፁ የተለወጠበትን ቦታ በጠመኔ ክበቡት። የሳሳ ብረት ተበይዶ ይጠገናል እንጂ በስቱኮና በቀለም አይሸፈንም። ስቱኮ ሰው አይሸከምም እኮ!

አራተኛ፣ ፍቀት። አደራ የምለው እዚህ ላይ ነው። አሮጌ ቀለም፣ በተለይ ቀዩ የብረት ቀለም፣ እርሳስ የተባለው ማዕድን ሊኖርበት ይችላል። የእርሳስ አቧራ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ጉዳት የለውም የሚባል መጠንም አልተገኘለትም። ስለዚህ በደረቁ አይፈግፈግ፤ በውኃ እያራሱ በብርጭቆ ወረቀት ይሠራ። በእሳት አይለብለብ፣ ጭሱ የባሰ ነውና። ከሥሩ ሸራ ይነጠፍ፤ ፍቅፋቂው ተጠራርጎ በበርሜል ይታሸግ እንጂ ወደ ሐይቁ አይገፋ። ተራ ጨርቅ አፍ ላይ ማሰር አቧራውን አይከለክልም፤ ደህና ማጣሪያ ያለው ጭንብል ይፈለግ። የሥራ ልብስም ቤት ገብቶ ከሕፃን ልብስ ጋር አይታጠብ።

አምስተኛ፣ ቅብ። ብረቱ ከዝገት፣ ከቅባትና ከርጥበት ይጽዳ። ጠዋት ጤዛው ከጠፋ በኋላ ይጀመር፤ ብረቱ ፀሐይ አቃጥሎት እንደ ምጣድ በጋለበት ሰዓት ግን አይቀባ። ገበያ ላይ አንቲረስት የምንለው መጀመሪያ ይቀባል፣ ከደረቀ በኋላ የላይኛው ቀለም ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይደረባል። የመድረቂያ ሰዓቱ ጣሳው ላይ ተጽፏል፣ በችኮላ አይታለፍ። ዝገቱን በራሱ ላይ እንዲወስድ ታስቦ ከሆዱ የሚታሰር የዚንክ ወይም የማግኒዝየም ቁራጭ ካለ እሱ አይቀባ፤ ከተቀባ ሥራውን አይሠራም።

ቀለም ስትገዙ እርሳስ የሌለበትን ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ ከሚሊዮን እጅ ከ90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። መጠየቅ መብታችን ነው ማለት ነው።

በመጨረሻም ለማኅበራችን ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። ከውኃው ራቅ ያለ አንድ የጋራ መፋቂያ ቦታ ይለይልን፤ በመዋጮም አንድ ትልቅ ሸራና ክዳን ያለው በርሜል ይገዛ። ባለ ጀልባው ይጠቀምበታል፣ ጀልባ የሌለውም ልጁን ያለ ሥጋት ዳር ይልካል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ክረምት ሳይገባ እንወስን።