ጩኸትን ከንግግር ለይቶ ስለማጣራት
(በራዲዮ የተነገረ)



ዐፄ ሱስንዮስ የገነተ ኢየሱስን ቤተ ክርስቲያን ባሠሩባት በአዘዞ አንድ አዛውንት ስለ አገሩ ከአባታቸው የሰሙትን ሲነግሩኝ ቀድቼ ነበር። የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ከዚያው ነውና፥ ታሪኩ ከቁም ነገሩ ሲደርስ አውሮፕላን ሞተሩን አስነሣ። በኋላ ቅጁን ብሰማው የአዛውንቱ ቃል በጩኸት ተውጧል። ዳግመኛ ልቀዳቸው ብሄድ አርፈው ደረስሁ። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ከጸጸት የተገኘ ነው።

ጩኸትን ለመቀነስ ወፍራሙን ወይም ቀጭኑን ድምፅ ቆርጦ መጣል የቆየ ልማድ ነው። ነገር ግን የሞተር ድምፅ ከሰው ድምፅ ጋር ስለሚደባለቅ፥ አንዱ ሲቆረጥ ሌላውም ይጎዳል። ሞተሩም ሲፈጥንና ሲዘገይ ድምፁ ይለዋወጣል።

በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በርናርድ ዊድሮውና ቴድ ሆፍ የተባሉ መሐንዲሶች በ1960 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረጉት የስሌት ዘዴ ራሱን በራሱ የሚያርም ማጣሪያ አስገኘ። አሠራሩም እንዲህ ነው። አንደኛው ማይክሮፎን ከተናጋሪው አጠገብ፥ ሁለተኛው ንግግሩ በማይደርስበት በሞተሩ በኩል ይቀመጣል። ማጣሪያው ከሁለተኛው የሰማውን ጩኸት መጥኖ ከአንደኛው ላይ ይቀንሳል። ከተረፈው ውስጥ ያንን ጩኸት የሚመስል ካገኘ፥ መጠኑን በጥቂቱ ያርማል። ይህንንም በአንድ ሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ይደጋግማል። ዊድሮውና ባልደረቦቹ በ1975 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፥ በዚሁ ዘዴ የእናትን የልብ ምት ቀንሰው የፅንሱን ለይተው አሳይተዋል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተረከባቸው ኪው 400 አውሮፕላኖችም የዚህ ዘዴ ዘመድ የሆነ መሣሪያ አላቸው። በውስጣቸው ያሉት ማይክሮፎኖች የማራገቢያውን ጩኸት ያዳምጣሉ፤ ከአውሮፕላኑ አካል ጋር የተያያዙ መሣሪያዎችም በተቃራኒው እየተንቀጠቀጡ ያበርዱታል። ነገር ግን ዕረፍቱ ለተሳፋሪው እንጂ በውጭ ለቆመው አይደለም።

ማጣሪያው ግን ተአምር አይሠራም። ሁለተኛው ማይክሮፎን ንግግሩን ከሰማ፥ ማጣሪያው ከጩኸቱ ጋር ንግግሩንም ይቀንሳል። ዛሬ በአንድ ማይክሮፎን የተቀዳውን የሚያጠሩ ዘዴዎች ቢኖሩም፥ ጨርሶ የተዋጠን ቃል እንደ ነበረ አይመልሱም።

እንግዲህ አድማጮቼ፥ አባቶቻችንንና እናቶቻችንን ለመቅዳት ስትነሡ አስቀድማችሁ የጩኸቱን ምንጭ ፈልጉ፤ ለእርሱም አንድ ማይክሮፎን መድቡለት። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።

ደኅና እደሩ።