ከጉድጓድ የሚመጣ ሐሰተኛ ምስክር

(በትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ ቆመን የምንናገረው ስለ ነዳጅ ዘይት ጉድጓድ ነው። «ጤፍና ስንዴ ለሚያመርት ለቢቸናና ለሞጣ ሰው የነዳጅ ጉድጓድ ምኑ ነው?» የሚለን ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን ከእግራችን በታች ያለ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሄደ ሰው ሁሉ፥ ከደጀን ወደ ዓባይ ሲወርድ የምድርን ሆድ ዕቃ አይቷል። ከላይ የእርሻችን አፈር የተገኘበት ጥቁር ድንጋይ፤ ከበታቹ የኖራ ድንጋይ፤ ቀጥሎ ጂፕሰም፤ በመጨረሻም የአሸዋ ድንጋይ ተደራርበው ይታያሉ። ነዳጅ የሚፈለገውም እንደ ኖራና እንደ አሸዋ ድንጋይ ባሉት ንብብሮች ውስጥ ነው። በአገራችን በኦጋዴን በካሉብና በሂላላ የተፈጥሮ ጋዝ ተገኝቷል፤ በሰኔ ወር 2010 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው በኦጋዴን ድፍድፍ ነዳጅ ለሙከራ መውጣት ጀምሮ ነበር።

በበረሃው ያለውን ድንጋይ ዓባይ ራሱ ቆርጦ አሳየን። ከ3,000 ሜትር በታች የተቀበረውን ግን ማን ያየዋል? የጉድጓዱ ስፋት እዚያ ሲደርስ አንድ ስንዝር ያህል ነውና ሰው አይገባበትም። ስለዚህ ባለሙያዎች በብረት ቱቦ የታሸገ መሣሪያ በገመድ ያወርዳሉ። በገመዱ ውስጥ ያሉት ሽቦዎች መሣሪያው የለካውን ወደ ላይ ያመጣሉ። ይህን ዘዴ ያስገኙት ኮንራድና ማርሴል ሽሉምበርዤ የተባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች ናቸው፤ መጀመሪያ የተሞከረውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1927 ዓ.ም. በአልዛስ፥ ፔሽልብሮን በተባለ ስፍራ ነው።

የዘዴው መሠረት ቀላል ነው። ጨዋማ ውኃ የያዘ ድንጋይ ኤሌክትሪክን ያሳልፋል፤ ዘይት ወይም ጋዝ የያዘ ድንጋይ ግን ይከለክላል። ችግሩ ምልክቱ እጅግ ደካማ መሆኑ ነው። አንድ የእጅ ባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት ይሰጣል፤ ከጉድጓድ የሚመጡት አንዳንድ ምልክቶች ግን የሚለኩት በቮልት አንድ ሺሕኛ ነው። እንዲህ ያለውን ደካማ ድምፅ ትንሽ ነገር ያውከዋል።

መሣሪያው ዝም ቢል ተበላሽቷል ተብሎ ይወጣል፤ ይጠገናልም። ሐሰት ሲናገር ግን ወረቀቱ ላይ ያማረ መስመር ስለሚሥል ሁሉ ያምነዋል። ስለዚህ ሐሰተኛ ምስክር ከዝምተኛ ምስክር ይከፋል። ሀብት ያለበት ጉድጓድ ባዶ ነው ተብሎ ይዘጋል፤ በባዶውም ላይ ብዙ ገንዘብ ይፈስሳል። «እውነትና ንጋት እያደረ ይጠራል» ይባላል፤ ሲሚንቶ የፈሰሰበት ጉድጓድ ግን እስኪጠራ አይጠብቅም።

የሐሰቱ ምንጮች በተለይ አራት ናቸው። አንደኛው እርጥበት ነው። ጨዋማ ፈሳሽ በሽቦዎቹ መጋጠሚያ ከገባ ኤሌክትሪኩ መንገዱን ስቶ ይሾልካል፤ ዘይት ያለበትም ድንጋይ ውኃ የያዘ መስሎ ይታያል። ለዚህ መከላከያው መጋጠሚያውን አድርቆ በጎማ ቀለበት ማተምና፥ ከመውረዱ በፊት የሽቦውን ሽፋን መፈተን ነው። ሁለተኛው ጉርብትና ነው። ኃይል የሚያወርደው ሽቦ ምልክት ከሚያመጣው ሽቦ ጎን ሲሄድ የራሱን ድምፅ ያጋባበታል። ስለዚህ የምልክቱ ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገመዳሉ፤ በብረት መጋረጃም ይሸፈናሉ። ሦስተኛው የብረቶች መለያየት ነው። መዳብና ዚንክ ሎሚ ላይ ሲሰኩ ኤሌክትሪክ እንደሚሰጡ በክፍል ተምረናል፤ ልዩ ልዩ ብረቶችም በጨዋማ የቁፋሮ ጭቃ ውስጥ እንዲሁ ሳይታዘዙ ባትሪ ይሆናሉ። መድኃኒቱ ለመለኪያዎቹ አንድ ዓይነት ብረት መምረጥና ሌላውን ብረት በማያስተላልፍ ነገር መሸፈን ነው። አራተኛው ከላይ፥ ከምድር ገጽ ይመጣል፤ ብየዳና መሬት የነካ የጄኔሬተር ሽቦ ልኬቱን ያበላሻሉ። ስለዚህ በልኬት ሰዓት ብየዳ ይቆማል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም መሣሪያው በቃሉ ብቻ አይታመንም። ዳኛ ምስክርን ደጋግሞ እንደሚጠይቅ፥ ባለሙያውም አንዱን የጉድጓድ ክፍል ሁለት ጊዜ ለክቶ ሁለቱን መስመሮች ያስተያያል። የጉድጓዱን ስፋት የሚለካው መሣሪያ፥ ስፋቱ አስቀድሞ በታወቀው የብረት ቧንቧ ውስጥ ሲያልፍ ያንኑ ቁጥር መናገር አለበት። ደግሞም ጥቅጥቅ ያለ ደረቅ ድንጋይ እንደ ዘይት ኤሌክትሪክን ስለሚከለክል፥ በሌላ ዘዴ የሚለካ ሁለተኛ መሣሪያ ይጠየቃል።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ይህ ትምህርት ለመጠጥ ውኃ ጉድጓድም ያገለግላል። የውኃውን ጥልቀት ለማወቅ ሁለት ሽቦ ያለው ገመድ ይወርዳል፤ ጫፉ ውኃ ሲነካ መብራት ይበራል ወይም ደወል ይጮኻል። ነገር ግን በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ያለ ጠብታም ሊያስጮኸው ይችላል። ያን ጊዜ «ውኃው ቅርብ ነው» ተብሎ ፓምፑ ከውኃው በላይ ቢሰቀል፥ እንስራ ይዞ የተሰለፈው ሰው ባዶውን ይመለሳል። ስለዚህ ጫፉን አድርቆ፥ ከፍ ዝቅ እያደረጉ ሦስት ጊዜ መለካት ይገባል፤ ሦስቱም ቁጥሮች ከተስማሙ ይጻፋል።

እኛ የቢቸናና የሞጣ ልጆች ነገ በኦጋዴን ወይም በገዛ ወረዳችን ጉድጓድ አጠገብ የምንቆም እንሆን ይሆናል። ያን ጊዜ የሚጠበቅብን መሣሪያ ማንቀሳቀስ ብቻ አይደለም፤ «ይህን ምን ነገረህ? ድገመው» ብሎ መጠየቅም ነው። ይህንም ልማድ ከአሁኑ በቤተ ሙከራችን እንጀምር፤ ሁለተኛ ያልተለካ ቁጥር በደብተራችን አይጻፍ።