ደረት ሲያም ፈቃድ አይጠበቅም

(ባለፈው እሁድ ቤይሩት በተደረገው ስብሰባችን ላይ ያቀረብኩት ንግግር ነው። ላልመጣችሁ እህቶች ብዬ ጻፍኩት።)

እህቶቼ፣ እኔ ከአስረኛ ክፍል ወጥቼ የመጣሁ የቤት ሠራተኛ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ዛሬ የማወራችሁ ሁለት ጊዜ በዓይኔ ስላየሁት ነገር ነው፤ ስለ ሃርት አታክ። እዚህ አገር ሰዎቹ ጀልጣ የሚሉት ማለት ነው።

መጀመሪያ ያየሁት የምሠራበት ቤት ሽማግሌውን ነው። ጀዶ ነው የምንላቸው። ባለፈው ክረምት ከሌሊቱ አስር ሰዓት ላይ ሲያቃስቱ ሰምቼ ተነሳሁ። ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ በዚያ ብርድ ላብ አጥምቋቸዋል፣ ፊታቸው አመድ መስሏል። «ደረቴ ላይ ድንጋይ የተጫነ ይመስለኛል» አሉኝ። ቴታ ደግሞ «ጋዝ ነው፣ የሚጠጣ ትኩስ ነገር አፍይላቸው፣ ልጄ ሲነጋ ይመጣል» አሉ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ደውዬ ነገሩ ጋዝ ቢሆን ማዳም ምን ትለኛለች ብዬ ስልኩን ይዤ ቆምኩ። በኋላ ግን ወደ 140 ደወልኩ። የሊባኖስ ቀይ መስቀል ነው፣ ለአምቡላንሱ አይከፈልም። ሆስፒታል እንደደረስን ኢሲጂ አነሷቸው፣ ወዲያው ወስደው የተዘጋውን የልብ ደም ስር ከፈቱላቸው። ዛሬ ጀዶ ጠዋት ጠዋት «ቡናው ቀጠነ» እያሉ ከእኔ ጋር ይጨቃጨቃሉ።

ሁለተኛዋ የእኛው እህት ናት። አሁንም እዚሁ መካከላችን ተቀምጣለች፣ «ንገሪያቸው» ብላኛለች። አርባ አራት ዓመቷ ነው። ማክሰኞ ዕለት ልብስ ስትተኩስ መንጋጋዋንና ግራ እጇን አመማት፣ አቅለሸለሻት። «ጨጓራዬ ነው» አለች። ማዳሟ ፓናዶል ሰጠቻት። እሷም «እሁድ እረፍቴ ነው፣ ያኔ እታከማለሁ» ብላ ሥራዋን ቀጠለች። እሁድ ስትመጣ ይህን ደረጃ መውጣት አቃታት። ሆስፒታል ወሰድናት፣ መጀመሪያ ገንዘብ አስይዙ ተባልን፣ ከእናንተው እየለመንን አዋጣን። በመጨረሻ ሐኪሙ ያለን «ዘግይታችኋል፣ ከልቧ ጡንቻ ከፊሉ ሞቷል» ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ ጀዶን ሳስታምም አንዲት ነርስ ወረቀት ላይ እየሳለች አስረዳችኝ። እኔ በአገራችን ቦይ ልንገራችሁ። ልብ ራሱ ደም የሚጠጣባቸው ትንንሽ ደም ስሮች አሉት። በዕድሜ፣ በሲጋራ፣ በደም ግፊት፣ በስኳር በሽታ የተነሳ ግድግዳቸው ውስጥ ስብ ይጋገራል። አንድ ቀን ያ የተጋገረው ሲሰነጠቅ ደም እዚያው ላይ ይረጋና ቦዩን ይዘጋዋል። ቦይ ሲዘጋ ከበታቹ ያለው በቆሎ ወዲያው አይደርቅም፣ መጠውለግ ይጀምራል። ቶሎ ከተከፈተ ይተርፋል። ከደረቀ በኋላ ግን ወንዙን ሁሉ ብትለቂበት አይነሳም። የልብ ጡንቻም እንደዚያ ነው።

የሚከፍቱት ደረት ቀድደው አይደለም። ከእጅ አንጓ ወይም ከብሽሽት ቀጭን ቱቦ በደም ስር ውስጥ እየገፉ ልብ ድረስ ያደርሳሉ። በሽተኛው አይተኛም፣ የሚደነዝዘው ቦታው ብቻ ነው። ጫፉ ላይ ያለችውን ፊኛ የተዘጋው ቦታ ላይ ይነፏታል፣ መንገዱ ይከፈታል። ከዚያ ተመልሶ እንዳይዘጋ ስቴንት የሚባል ትንሽ የብረት ወንፊት ትተው ይወጣሉ። እዚህ ራሶር ይሉታል። ይህን የፊኛ ሕክምና በልብ ደም ስር ላይ መጀመሪያ የሠራው አንድሪያስ ግሩንትዚግ የሚባል ሐኪም ነው፣ በፈረንጆች 1977 ዙሪክ ውስጥ። ፊኛዎቹን ሲሞክር የነበረው በቤቱ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። ይህን ሳነብ ሳቅሁ፤ ከወጥ ቤትም እንዲህ ያለ ነገር ይወጣል ለካ!

ሐኪሞቹ ሆስፒታል ከደረሳችሁ በኋላ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ለመክፈት ይጣደፋሉ። ፊኛው በቶሎ የማይገኝበት ቦታ ከሆነ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መርፌ አለ። ሁለቱም የሚጠቅሙት ቶሎ ለመጣ ሰው ነው።

ስለዚህ እነዚህን ያዙ።

ደረት ላይ የሚጫን ወይም የሚጨመድድ ህመም፣ ወደ እጅ፣ ወደ መንጋጋ፣ ወደ ጀርባ የሚሄድ ህመም፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ፤ እነዚህ ሲመጡና ደቂቃዎች ቆይተው ሳይለቁ ሲቀሩ ደውሉ። በእኛ በሴቶች ላይ ደረቱ ብዙም ሳያም ድካምና ማቅለሽለሽ ብቻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። «ጨጓራ ነው» ማለት ያለበት ሐኪም ነው።

እዚህ 140፣ ሳዑዲ ያላችሁ 997፣ ኤምሬትስ 998፣ ኩዌት 112 ደውሉ። «ሰድሪ ዓም ቢውጃዕኒ» በሉ፣ ደረቴን እያመመኝ ነው ማለት ነው። የምትኖሩበትን ሰፈርና የሕንፃውን ስም በዓረብኛ መናገር ዛሬውኑ ተለማመዱ። በእግር ደረጃ አትውረዱ፣ ተቀመጡ። አስፕሪን የማይስማማው ወይም የሚደማ ሰው ካልሆነ፣ ስልኩ ላይ ያሉትን ጠይቃችሁ አስፕሪን አኝኮ መዋጥ ይረዳል። ፓናዶል የረጋ ደም አያቀጥንም።

ስቴንት የገባላቸውን ሽማግሌ የምትጠብቁ ደግሞ፣ ደም የሚያቀጥኑትን መድኃኒቶች አንድ ቀን እንኳ አታሳልፉባቸው። «ተሽሎኛል» ቢሉም ሐኪሙ ሳያዝ አይቋረጥም፣ ስቴንቱ ሊዘጋ ይችላል።

አሠሪዎቻችን ኢንሹራንስ ሊገቡልን ግዴታ አለባቸው። ካርዱ የት እንዳለ ሳትታመሙ ጠይቁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ለጀዶ የደወልኩት እኔ ነኝ። ለእህታችን ግን በዚያ ቤት የሚደውልላት አልነበረም፣ እሷም ለራሷ መደወል ፈራች። በሰው ቤት ስንኖር የሌላው ህመም ህመም፣ የእኛ ግን ስንፍና ይመስለናል። ስለዚህ ዛሬ ከመውጣታችን በፊት ሁለት ሁለት እንሁንና ቁጥር እንለዋወጥ። አንዷ ሲያማት ለሌላዋ ትደውል፣ ያቺ ደግሞ ማንንም ሳታስፈቅድ ለአምቡላንስ ትደውል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

ጋዝ ሆኖ ቢገኝ እንስቃለን። ልብ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ደርሰናል።