መሐንዲስና የጋራ ትምህርት
(በለሚ ከተማ ለማኅበራችን አባሎች የተደረገ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ለልዩ ልዩ የትምህርት ዘርፍ ተማሪዎች በአንድነት ስለሚሰጡት ትምህርቶች፣ በተለመደው አነጋገር ስለ ጋራ ሞጁሎች ነው። ይህ የመምህራን ጉዳይ እንጂ የመሐንዲሶች አይደለም የሚል ሐሳብ ሊነሣ ይችላል። ይሁን እንጂ ዛሬ የተሰበሰብነው በእንሳሮ ወረዳ ዋና ከተማ በለሚ ነውና፣ ጥያቄው ምን ያህል የእኛም እንደ ሆነ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ለሚ በአንድ ወገን የደጋው እርሻ፣ በሌላው ወገን የጀማ ሸለቆ የሚዋሰናት ከተማ ናት። ከሙከ ጡሪ ተነሥቶ ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደው መንገድ ከዚህ ካለፈ በኋላ ቁልቁል ወደ ወንዙ ይወርዳል። ወደ ሸለቆው የሚወርድ መንገደኛ ልብ ብሎ ቢመለከት ከላይ ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል ደግሞ የአሸዋ ድንጋዩንና ነጣ ያለውን የኖራ ድንጋይ ያገኛል። በኢስት አፍሪካን ሆልዲንግና በዌስት ቻይና ሲሜንት ሽርክና ተሠርቶ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀውና በቀን 150,000 ኩንታል ሲሚንቶ እንዲያመርት የታቀደው የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ ወደዚህ የመጣው በዚሁ ድንጋይ ምክንያት ነው።

አሁን አንድ መሐንዲስ በእንዲህ ያለ ሥፍራ ለመሥራት ምን ማወቅ እንደሚገባው እንመርምር። ንጹሕ የኖራ ድንጋይ በምድጃ ውስጥ ሲቃጠል ከ100 ኪሎ ግራሙ 44 ኪሎ ግራም ያህሉ ወደ ጋዝነት ተለውጦ ወደ አየር ይወጣል። የቀረው ከሸክላማ አፈር ጋር ተዋሕዶ በ1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ክሊንከር ይሆናል፤ ከጥቂት ጀሶ ጋር ሲፈጭም ሲሚንቶ ይባላል። ይህ የኬሚስትሪ ዕውቀት ነው። ካባው ከየት እንደሚጀምርና የክረምቱ ጎርፍ በየት በኩል እንደሚወርድ የሚያስተምረው ጂኦግራፊ ነው። በካባው ላይ ቀድሞ ማን ያርስ ነበር፣ መሬቱንስ በምን ሥርዓት ያዘው የሚለውን የሚመልሱ ሕግና ታሪክ ናቸው። ለገበሬው የሚከፈለው ገንዘብ ነገ ምን ይገዛለት ይሆን የሚለው የኢኮኖሚክስ ጥያቄ ሲሆን፣ ይህን ሁሉ ለባለ መሬቱ በሚገባው ቃል ማስረዳት የቋንቋ ሥራ ነው። መሐንዲሱ በዲግሪው ላይ የተጻፈለት ግን የሙያው ስም ብቻ ነው።

አባቶቻችን ይህን ነገር በራሳቸው መንገድ ያውቁት ነበር። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሥርዓት ወደፊት የዜማ መምህር የሚሆነውም፣ የቅኔ ባለሙያ የሚሆነውም፣ የመጻሕፍት ተርጓሚ የሚሆነውም ሁሉም መጀመሪያ ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ከንባብ ቤት ይወጣል። ከዚያ በኋላም ቢሆን የባሕረ ሐሳብን ቁጥር የተማረ የቅኔ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ሙያ ቢለያይም መሠረቱ አንድ ነበርና የዜማው ሰው የቅኔውን ሰው ሲናገር ይሰማዋል፤ ተከራክሮም ይረዳዋል።

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርታችን በ1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲጀመር፣ በ1945 ዓ.ም. የምሕንድስና ኮሌጅ ሲከፈት፣ በ1954 ዓ.ም.ም ኮሌጆቹ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሲጠቃለሉ፣ የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ፍሬሽማን እየተባለ ለወጣቱ የጋራ በር ሆኖ ቆየ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በዩኒቨርሲቲው የአገልግሎት ፕሮግራም መሠረት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ገጠር ወጥቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመምህርነት፣ እንዲያገለግል ተደረገ። ይህ በሞጁልነት ባይቆጠርም ከሁሉም የጠለቀ የጋራ ትምህርት ነበር ለማለት ይቻላል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለት ዓመት የመሰናዶ ትምህርትን ሲያመጣ፣ ፍሬሽማን በ1990ዎቹ አጋማሽ ቀረ። ዛሬ በሠላሳዎቹ ዕድሜ የምንገኝ መሐንዲሶች፣ እኔም ጭምር፣ በዚያ ጊዜ የተማርን ነን። እንግሊዝኛና ሥነ ዜጋን የመሳሰሉ የጋራ ኮርሶች ባይጠፉም፣ ተማሪው ከበሩ ጀምሮ በየሙያው ተከፍሎ ይገባ ነበር። ከ2005 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ኮርሶች በሞጁል እየታሰሩ መሰጠታቸው ይህን ክፍፍል አላጠበበውም። በመጨረሻም በትምህርትና ሥልጠና ፍኖተ ካርታው መነሻነት በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ተመለሰ፤ የምሕንድስና ትምህርትም ይህን ዓመት ጨምሮ አምስት ዓመት ሆነ። አሁን የኢንጂነሪንግ ተማሪ ከሒሳብና ከፊዚክስ ጋር ሎጂክን፣ ሳይኮሎጂን፣ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን ጂኦግራፊ፣ አንትሮፖሎጂን፣ ኢኮኖሚክስን፣ የግብረ ገብና የሥነ ዜጋ ትምህርትን ይማራል።

በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። አንደኛ፣ ልጁን ከሞፈር አላቆ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለሚልክ ገበሬ አንድ ዓመት ረጅም ጊዜ ነው። ሁለተኛ፣ ከትምህርቱ ከፊሉ በ11ኛና በ12ኛ ክፍል የታለፈውን ይደግማል። ሦስተኛ፣ ተማሪው ወደ ትምህርት ክፍል የሚመደበው በአንደኛው ዓመት ውጤቱ ጭምር በመሆኑ፣ ሳይኮሎጂውም ጂኦግራፊውም የነጥብ መሰብሰቢያ ሆነው ይቀራሉ። አራተኛ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና የሚመዝነው የየሙያውን ዋና ዋና ትምህርቶች ስለ ሆነ፣ የጋራው ትምህርት ከአንደኛው ዓመት በኋላ አስታዋሽ የለውም። እነዚህን ነቀፌታዎች አልክድም። ነገር ግን አራቱም የሚነቅፉት ትምህርቱ የሚሰጥበትን አኳኋን ነው፤ የትምህርቱን አስፈላጊነት ግን አያፈርሱም።

አስፈላጊነቱን በአንድ ስሌት ላሳይ። የምናገረው ስለ አንድ የተለየ ድርጅት ወይም ቀበሌ አይደለም፤ ሕጉ በአገሪቱ ሁሉ የሚሠራ ነውና። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬቱን በቋሚነት ለሚለቅ ባለ ይዞታ በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢውን 10 እጥፍ ይሰጠው ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ይህን አሻሽሎ ከሦስቱ ዓመታት ከፍተኛውን ገቢ 15 እጥፍ አደረገው። የሕግ ተማሪ እስከዚህ ያደርሰናል።

የሒሳብ ተማሪ ከዚህ ይቀበል። ዓመታዊ ገቢው 100 ቢሆን ካሣው 1,500 ነው። ይህ ገንዘብ ባንክ ገብቶ በዓመት 7 በመቶ ወለድ ቢያስገኝ፣ ወለዱ ብቻ 105 ስለሚሆን ከእርሻው ገቢ የሚበልጥ ይመስላል። የኢኮኖሚክስ ተማሪ ግን የገበያ ዋጋ በዓመት 14 በመቶ ቢጨምርሳ ብሎ ይጠይቃል። እንደዚያ ከሆነ ቤተሰቡ የቀድሞ ኑሮውን ለመኖር በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ 114፣ በሁለተኛው 130 ያህል እያለ ማውጣት ይኖርበታል። ቢሰላ በ10ኛው ዓመት መጨረሻ በባንክ የሚቀረው 117 ያህል ብቻ ነው፤ በ11ኛው ዓመት ያልቃል። ዛሬ የአምስት ዓመት ልጅ ያለችው ቤተሰብ ልጅቷ 16 ዓመት ሳይሞላት መሬቱንም ገንዘቡንም ታጣለች ማለት ነው።

የአንትሮፖሎጂ ተማሪ ደግሞ ገንዘቡ ባንክ መግባቱን በምን አወቃችሁ ይለናል። በአማራ ክልል የመሬት ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስም ይጻፋል፤ ገንዘቡ ሲመጣ የሚወስነው ግን ማን ነው? በሬው ሲሸጥ፣ ዕድሩና ጎረቤቱ ሲርቅ፣ በብድርና በደቦ ይሸፈን የነበረው ወጪ በማን ኪስ ላይ ይወድቃል? ይህን ጥያቄ መሐንዲሱ ብቻውን ሊያነሣው አይችልም፤ የሒሳብ ባለሙያውም እንዲሁ። ሁሉም በአንድ ገበታ ሲቀመጡ ግን ከ100ና ከ1,500 ያለፈ አንድ ቁም ነገር ይወጣል፤ ይኸውም ከካሣው ጎን ቤተሰቡን የሚያቋቁም ሌላ ሥራ፣ ሌላ ሙያ መታቀድ እንዳለበት ነው። ያን ሥራ የሚቀርጸው መሐንዲስ ነው፤ ቦታውን፣ ውኃውን፣ መንገዱንና መሣሪያውን የሚያውቀው እርሱ ነውና።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ለስሌቱ ያስፈለገው ሒሳብ ከአንደኛ ዓመት ተማሪ ዕውቀት አያልፍም። የጎደለው ሒሳቡንና ሕጉን፣ ሕጉንና የገበሬውን ቤት የሚያገናኝ የጋራ ገበታ ነው። ሲ. ፒ. ስኖው በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1959 በካምብሪጅ ባደረገው ዕውቅ ንግግር የሳይንስና የሥነ ጽሑፍ ምሁራን እርስ በርሳቸው መነጋገር እንዳቃታቸው ገልጦ ነበር። በእንግሊዝ አገር ይህ የምሁራን ቅሬታ ነበር። በእኛ አገር ግን ዋጋውን የሚከፍለው በንግግሩ ላይ ያልተገኘው ገበሬ ነው።

ስለዚህ በበኩሌ ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ።

መጀመሪያ፣ በጋራ ሞጁሎቹ ላይ ሌላ ሞጁል አይጨመር። ከዚያ ይልቅ በአንደኛው ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ፣ ከየኮርሱ ጥቂት ሰዓት ተቀንሶ፣ ከልዩ ልዩ ፍላጎት የመጡ ተማሪዎች በጥቂት በጥቂቱ ተመድበው አንድ የአካባቢ ጉዳይ ያጥኑ። የሒሳቡ፣ የኢኮኖሚክሱ፣ የጂኦግራፊውና የአንትሮፖሎጂው መምህራን ጥያቄውን አብረው ያውጡት፤ አብረውም ያርሙት። በምርጫ ጥያቄ የማይመለስ ሥራ በነጥብ ሽሚያ ብቻ አይጠናም።

ሁለተኛ፣ ጥናቱ በሁለት መልክ ይጻፍ፤ አንዱ በእንግሊዝኛ ለመሥሪያ ቤት የሚቀርብ ሪፖርት፣ ሌላው በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ፣ በቀበሌ ስብሰባ ተነብቦ የሚሰማ ይሁን። የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ምን እንደሚሆን ለባለ መሬቱ ማስረዳት ያልቻለ ተማሪ ነገሩን ገና አላወቀውም። ገበሬው ሰምቶ የሚያነሣው ጥያቄም ለተማሪው ሁለተኛ ፈተና ይሆንለታል።

ሦስተኛው የእኛ ድርሻ ነው። መምህራኑ ጉዳይ ከየት ያምጡ? ካባውን፣ መንገዱን፣ የውኃ መስመሩን የምናውቅ እኛ ነን። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በዚሁ በሰሜን ሸዋ የሚገኝ ነውና ሥራውን ከዚህ መጀመር ይቻላል። የማኅበራችን አባሎች በዓመት አንድ አንድ እውነተኛ ጉዳይ፣ ሊገለጥ ከሚችለው መረጃ ጋር፣ ለመምህራን ቢያቀርቡና ተማሪዎችን በሥራ ቦታ አንድ ቀን ቢያስተናግዱ፣ ወጪው ትንሽ ነው። ይህን ለማድረግ ከላይ መመሪያ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የመምህሩ ፈቃድና የእኛ አንድ ቀን ይበቃል።

የጋራ ትምህርት ሰውን ቅን ያደርገዋል አልልም፤ ቅንነት በሞጁል አይሰጥም። ነገር ግን ቅን ሰውም ያላየውን ጉዳት ሊያቀና አይችልም። የጋራ ትምህርት የሚሰጠን ይህን ማየት ነው። አንድ ዓመት ከገበሬው ልጅ ዕድሜ ላይ ከወሰድን፣ ያ ዓመት ለገበሬው ተመልሶ እንዲሠራለት ማድረግ ዕዳችን ነው። ሲሚንቶ ብቻውን ዱቄት ነው፤ አሸዋው፣ ጠጠሩና ውኃው ገብተውበት ሲታሽ ነው አርማታ የሚሆነው። የሙያችንም ነገር እንዲሁ ነው።