በቀኙ ይጽፋል፣ በግራው ይመታል

የቀድሞው የቴኒስ ተጫዋች ራፋኤል ናዳል የሚጽፈው በቀኝ እጁ ነው፤ ራኬት ይይዝ የነበረው ግን በግራው።

በስፔኗ ማዮርካ ደሴት ያደገውን ናዳልን ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ ያሠለጠነው አጎቱ ቶኒ ነው። ቶኒ ልምምድ ሲያበቃ ሜዳውን ያስጠርገው፤ መንጠር ባቃታቸው አሮጌ ኳሶችም ያጫውተው ነበር። ሰበብ መደርደርን እንዳይለምድ ነበር ይህ ሁሉ።

ያ የናዳል ግራ እጅ ኳሷን ከታች ወደ ላይ ጠርጎ ሲመታት፣ በደቂቃ ከ3000 ጊዜ በላይ በሚደርስ ፍጥነት ትሽከረከር ነበር። መሬት ነክታ ስትነሣም እስከ ተጋጣሚው ትከሻ ትዘል ነበር።

በዚህ ምት ናዳል በፈረንሳዩ የሮላን ጋሮስ ውድድር ቀይ ሸክላ ሜዳ፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2022፣ 14 ዋንጫ አነሣ። በ36 ዓመቱ የመጨረሻውን የወሰደው፣ የታመመ ግራ እግሩን በማደንዘዣ መርፌ እያስወጋ ተጫውቶ ነው።