ምክሩ የሚያበቃው መቼ ነው?

(በተክለ ሃይማኖት በተካሄደው የማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ከአማካሪያችን የቀረበ ንግግር)



ስለ ሥነ ልቦና ምክር ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምናነሣው አጀማመሩን ነው። እህቶቻችን እንዳያፍሩ፣ ጎረቤት «አበደች» እንዳይል እንጨነቃለን። ስለ አጨራረሱ ግን እምብዛም አናወራም። ዛሬ ስለዚህ ልናገር።

እኛ ዘንድ ምክር ብዙ ጊዜ ይቋረጣል እንጂ አያልቅም። አንዷ ልጅ ይታመምባታል፤ ሌላዋ የታክሲ ታጣለች፤ ሌላዋ ቤቷ ለመልሶ ማልማት ፈርሶ ወደ ጀሞ ወይም ወደ ኮዬ ፈጬ ትሄዳለች። እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው። አንድ ሌላ ምክንያት ግን አለ፤ ይሉኝታ። አገልግሎቱ በነፃ ነው፤ አማካሪዋም በትዕግሥት ታዳምጣለች። ታዲያ «አልጠቀመኝም» እንዴት ይባላል? ስለዚህ «በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ» ትልና ትቀራለች። ሌላዋ ደግሞ ተሽሏት ሳለ፣ መቅረት ውለታ መርሳት ይመስላትና መምጣቷን ትቀጥላለች። የመጀመሪያዋ «ምክር ለእኔ አይሆንም» ብላ ከነሕመሟ ትቀመጣለች። የሁለተኛዋን ቀጠሮ ደግሞ ሌላ ሴት እየጠበቀችው ነው።

ታዲያ ማነው የሚወስነው? ሁለቱም፣ ተነጋግረው። ይህ ንግግር የሚጀመረው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ «መጨረሳችንን በምን እናውቃለን?» ተብሎ። «ደስተኛ መሆን» የሚለው መልስ በጣም ሰፊ ነው። «ሌሊት መተኛት»፣ «ጉሊቴን እንደገና መክፈት»፣ «ከልጄ ጋር ሳልጮህ መነጋገር» ግን ሁለቱም የሚያዩት ነገር ነው።

ገና ሲጀመር ቁጥሩ የታወቀ የምክር ዓይነትም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው አጭር የምክር መርሐ ግብር በሳምንት አንድ ጊዜ የሚካሄዱ 5 ቀጠሮዎች አሉት፤ አምስተኛው ደኅንነትን ጠብቆ ስለ መቆየት ነው። ከሰው ጋር ባለን ግንኙነት ላይ የሚያተኩረው ሕክምና ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 16 ቀጠሮ ይወስዳል፤ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ቀጠሮዎች ለመሰነባበት የተመደቡ ናቸው። የዚህ ሙያ አባት የሚባለው ፍሮይድ እንኳ በ1937 እ.ኤ.አ. ሕክምናው ማለቂያ አለው ወይስ የለውም በሚል ጥያቄ ላይ አንድ ጽሑፍ አውጥቷል። ስለዚህ ጥያቄውን ማንሣት ነውር አይደለም።

ምልክቶቹን ልንገራችሁ። ያሰባችሁት ነገር ከተሳካና ለሳምንታት ከጸና፣ ችግር ሲመጣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ራሳችሁ መላ መምታት ከጀመራችሁ፣ ለመጨረስ ተቃርባችኋል። መጨረስ ማለት ግን ዳግም አለማዘን ማለት አይደለም፤ ሐዘን የማይነካው ሰው የለም። ቀጠሮው መጀመሪያ በየሳምንቱ ከነበረ በየሁለት ሳምንቱ፣ ቀጥሎም በወር ይሁን። በመጨረሻው ቀን ምን እንደረዳችሁ፣ ሕመሙ ሲመለስ በምን እንደምታውቁት፣ ያን ጊዜም ማንን እንደምትጠሩ ተነጋገሩ።

ሦስት አራት ጊዜ መጥታችሁ ለውጥ ካላያችሁ «እስካሁን አልቀለለኝም፤ ሌላ መንገድ አለ ወይ?» በሉ። ጥሩ አማካሪ በዚህ አይቀየምም። ሌላ አማካሪ መጠየቅም መብታችሁ ነው። ምስጢራችሁን ያወጣ፣ ገንዘብ በስውር የጠየቀ ወይም በሰውነታችሁ የተመኘ አማካሪ ካለ ግን ስንብት አያስፈልገውም። ወዲያው ተዉት፤ ለማኅበሩም ንገሩ።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። ምክር መጨረስ መድኃኒት ማቆም አይደለም። ከአማኑኤል ሆስፒታልም ሆነ ከሌላ ቦታ መድኃኒት የምትወስዱ፣ ያዘዘላችሁን ሐኪም ሳታማክሩ አታቁሙ፤ በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ሊመለስ ይችላል። ጠበል የምትጠመቁም አንዱን ለሌላው መተው የለባችሁም። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ደግሞ የመጨረሻ ጊዜ አይደለም፤ በዚያው ቀን ለሰው ይነገር፣ ወደ ሐኪምም ይኬድ።

ከምክር በኋላስ? በዚምባብዌ ሐራሬ፣ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም በ2006 እ.ኤ.አ. ከ14 አያቶች ጋር ሥራ ጀመሩ። አያቶቹ ሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ችግረኞችን ያማክራሉ። ከአያቶቹ ጋር ምክሩን የጀመሩ ሴቶች በኋላ እርስ በርስ ወደሚደጋገፉበት ቡድን ይጋበዛሉ፤ እዚያ እያወሩ በእጃቸው ቦርሳ ይሠራሉ። እኛ ዕቁብ አለን፣ ዕድር አለን፣ የቡና ሰዓት አለን። ምስጢሯ አማካሪዋ ዘንድ ይቅር፤ እሷ ግን ወደ እኛ ትምጣ።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ በሪፖርታችን ላይ ስንት ሴቶች እንደጀመሩ ትጠይቁናላችሁ። ስንቶቹ ተነጋግረው እንደጨረሱም ጠይቁን። ለመጨረሻዎቹ ቀጠሮዎች የትራንስፖርት ገንዘብ ይታሰብ፤ ቤታቸው የራቀ እህቶች የሚቀሩት በዚያ ምክንያት ነው። የፕሮጀክት ማብቂያም የምክር ማብቂያ ነው። በሩ ከመዘጋቱ 3 ወር በፊት ይነገረን፤ ሴቶቹ በወጉ ይሰነባበቱ፤ ያልጨረሱትም ወደ ሌላ ቦታ ይላኩ።

ጀምራችሁ የቀራችሁ እህቶቼ፣ አንድ ቀን ብቻ ኑ። ማንም «የት ጠፋሽ?» ብሎ አይወቅሳችሁም። ልትቀጥሉም፣ ልትሰነባበቱም ትችላላችሁ። ውሳኔው የእናንተም ነው።